የልጃችሁን ትንፋሽ የሚጠብቀው ማን ነው?

“ልጁን ጉንፋን ይዞታል?”

“አይ፣ አልያዘውም።”

ይህን መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ነገሩ የሆነው ከ10 ዓመት በፊት ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በአንድ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። የ3 ዓመቱ የመጨረሻ ልጃችን ጭኔ ላይ ሆኖ አፍንጫውን በሹራቡ እጅጌ ይጠርጋል። ብሽሽቱ ላይ ቡአ ስለነበረበት ኦፕራሲዮን ሊደረግለት ሁለት ወር ሙሉ ወረፋ ጠብቀናል። ባለቤቴ ከአገልግሎቱ ፈቃድ ወስዷል። እናቴ ልታስታምምልኝ ከክፍለ ሀገር መጥታለች። ገንዘቡም ተከፍሏል። ልጁ ሌሊቱን ሲያስለው እንዳደረ አውቃለሁ፤ ግን “አልያዘውም” አልኩ።

የማደንዘዣ ባለሙያዋ መልሴን ልትጽፍ ብዕሯን ስታነሣ ባለቤቴ ከጎኔ ተናገረ። “ይዞታል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ያስለዋል። ትናንት ማታም አተኩሶት ነበር” አለ። እርሷ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኦፕራሲዮኑ በዚያ ቀን አልተደረገም። በታክሲ ወደ ቤት ስንመለስ ከባለቤቴ ጋር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በልቤ ግን “በሰው ፊት ውሸታም አደረገኝ” እያልኩ ነበር። የፓስተር ሚስት ናትና!

ውድ አንባብያን፣ ይህን የምጽፍላችሁ ኃጢአቴን ለመናዘዝ ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል ልጁን ለቶንሲል፣ ለቡአ፣ ለተሰነጠቀ ከንፈር፣ ለተሰበረ አጥንት ወይም ለሌላ ሕመም ለኦፕራሲዮን የሚያስገባ አለ። ልጃችሁን ከእቅፋችሁ ተቀብለው በሩ ሲዘጋ በውስጥ የሚሆነውን ብታውቁ፣ እኔ የዋሸሁትን ውሸት አትዋሹም። እኔ በዚያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ባለሙያዎችን እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብኩ ተማርኩ።

ማደንዘዣ እንቅልፍ አይደለም

ለልጆቻችን “ትንሽ ትተኛለህ፣ ስትነቃ አልቋል” እንላቸዋለን። ለልጅ ይህ ይበቃል፤ ለወላጅ ግን አይበቃም። ልጃችሁ አልጋው ላይ ሲተኛ ብዙ ጠባቂዎች አሉት። ምራቁን ይውጣል። ምላሱ ወደ ኋላ ወርዶ ሲያስቸግረው ይገላበጣል። ጉሮሮው ውስጥ አንዳች ነገር ቢገባ ያስለዋል። ትንፋሽ ቢያጥረው ባንኖ ይነቃል።

ሙሉ ማደንዘዣ ሲወስድ እነዚህ ጠባቂዎች ሁሉ አብረውት ይተኛሉ። ምላሱና የጉሮሮው ጡንቻዎች ላልተው የአየሩን መንገድ ያጠብባሉ፤ ሊዘጉትም ይችላሉ። አንጎሉ ለደረቱ የሚሰጠው “ተንፍስ” የሚል ትእዛዝ ይዳከማል። ሐኪሙ ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ጡንቻን የሚያላላ መድኃኒት ከተጨመረ ደግሞ ልጁ በራሱ መተንፈሱን ፈጽሞ ያቆማል። ስለዚህ ልጃችሁን የሚያስተኛው ሰው በዚያው ቅጽበት የልጃችሁን ትንፋሽም ይረከባል። ሥራው አስተኝቶ መሄድ አይደለም። ልጁ ነቅቶ በራሱ እስኪተነፍስ ድረስ ከራስጌው አይለይም።

የሰው ልጅ ይህን የተማረው በዋዛ አይደለም። ኤተር በተባለ ማደንዘዣ የተደረገ ኦፕራሲዮን በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በሕዝብ ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ በጥር 1848፣ በእንግሊዝ አገር በኒውካስል አቅራቢያ ሃና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ የእግር ጥፍሯን ለማስነቀል ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ወዲያው ሞተች። የሞቷ ትክክለኛ ምክንያት ዛሬም ያከራክራል። ነገር ግን ማስተኛት ብቻውን እንደማይበቃ፣ የተኛውን ሰው ትንፋሽና ልብ የሚጠብቅ እንደሚያስፈልግ የሕክምናው ዓለም በእንዲህ ያለ ሐዘን ውስጥ አልፎ ነው የተረዳው።

ሕፃን “ትንሽ ትልቅ ሰው” አይደለም

እናቶች፣ ጨቅላ ልጃችሁን ስታጥቡ ያስተዋላችሁት ነገር አለ። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። በጀርባው ስታስተኙት አገጩ ወደ ደረቱ ይደፋል። ይህ ለተኛ ሕፃን መተንፈሻን ያጠብባል። ስለዚህ የማደንዘዣ ባለሙያው ለሕፃን ትራስ አያደርግም። እንዲያውም ጨርቅ ጠቅልሎ ከትከሻው በታች በማድረግ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

ምላሱም ለአፉ ትልቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃን በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። ጡት ሲጠባ ከአፉ ሳይለቅ የሚተነፍሰውም ለዚህ ነው። ታዲያ አፍንጫው በጉንፋን ሲደፈን ምን ያህል እንደሚጨነቅ እናት ታውቃለች።

ከሁሉ በላይ እኔን ያስደነገጠኝ የአየር ቧንቧው ነገር ነው። የጨቅላ ሕፃን የአየር ቧንቧ በጠባቡ ቦታ ላይ ስፋቱ 4 ሚሊሜትር ያህል ነው። በጉንፋን ወይም በቁስል ምክንያት የውስጡ ግድግዳ ዙሪያውን 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያብጥ፣ አየር ከሚያልፍበት ቦታ ከመቶ 75 እጁ ይጠፋል። 8 ሚሊሜትር ስፋት ባለው የትልቅ ሰው ቧንቧ ላይ ያው 1 ሚሊሜትር እብጠት የሚወስደው ከመቶ 44 እጅ ያህል ነው። እኔ “ትንሽ ንፍጥ ነው” ያልኩት ለእኔ ትንሽ ነው፤ ለእርሱ ግን ትንሽ አልነበረም።

ደግሞም ሕፃን አየር ቶሎ ይጨርሳል። ሰውነቱ በፍጥነት ስለሚያድግና ስለሚሠራ በክብደቱ ልክ ሲሰላ የሚጠቀመው ኦክስጂን ከትልቅ ሰው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። በሳንባው ውስጥ የሚጠራቀመው ስንቅ ግን ጥቂት ነው፤ በማደንዘዣ ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ያንሳል። አንድ ጤነኛ ትልቅ ሰው አስቀድሞ ንጹሕ ኦክስጂን ተሰጥቶት ትንፋሹ ቢቋረጥ ደቂቃዎች ሊቆይ ይችላል። ጨቅላ ሕፃን ግን በዚያው ሁኔታ እንኳ እንዲህ አይቆይም፤ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጂን በጣም ፈጥኖ ያሽቆለቁላል። ለዚህ ነው በልጅ ኦፕራሲዮን ውስጥ ጥቂት ሰከንዶች ብዙ ነገር የሚወስኑት።

ከራስጌ ያለው ሰው

ብዙ ወላጆች የሚያውቁት ኦፕራሲዮን የሚያደርገውን ሐኪም ነው። ከልጁ ራስጌ የሚቀመጠውን ባለሙያ ግን ስሙን እንኳ አንጠይቅም። በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ሙያ የሠለጠኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው። በሙያው ስፔሻላይዝ ያደረጉ ሐኪሞችም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት ሥራ ይህንኑ ትንፋሽ የመጠበቅ ሥራ ነው።

ምን ያደርጋሉ? ልጁ መርፌ የሚፈራ ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በጭምብል ነው። ሴቮፍሉሬን የሚባለው ጋዝ ሽታው ስለማያንገፈግፍ ለልጆች ይመረጣል። ልጁ ሲተኛ ባለሙያው አገጩን በጣቶቹ ወደ ላይ ይደግፋል። ይህች ቀላል የምትመስል የእጅ ሥራ የወደቀውን ምላስ አንሥታ መንገዱን ትከፍታለች። ከዚያ በጭምብሉ ላይ የተያያዘውን የጎማ ከረጢት በመጭመቅ አየር ይሰጠዋል።

ለአጭር ኦፕራሲዮን ከማንቁርት በላይ ተቀምጦ አየር የሚያሳልፍ ላሪንጅያል ማስክ የሚባል መሣሪያ ሊበቃ ይችላል። ይህን መሣሪያ የፈለሰፉት እንግሊዛዊው ሐኪም አርቺ ብሬን ሲሆኑ፣ ለሕክምናው ዓለም ያስተዋወቁትም በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሌላ ጊዜ ደግሞ በድምፅ አውታሮች መካከል አልፎ ወደ አየር ቧንቧ የሚገባ ቱቦ ያስፈልጋል። የቱቦው ውፍረት የሚገመተው በዕድሜ ነው። ዕድሜውን ለ4 ማካፈል፣ ከዚያ 4 መደመር። ለ4 ዓመት ልጅ 5 ሚሊሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጫፉ ላይ የሚነፋ ቀለበት ካለው ደግሞ በግማሽ ሚሊሜትር ያህል ቀጠን ይላል። ባለሙያው ግን በስሌቱ ብቻ አይተማመንም፤ አንድ የሚቀጥንና አንድ የሚወፍር ቱቦ አጠገቡ ያዘጋጃል። ቱቦው ቢወፍር ያን ጠባብ ቧንቧ ያቆስለዋልና።

አሁን ልካቸውን አስቡ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ትንፋሽ የሚያስገባው አየር ከ60 እስከ 80 ሚሊሊትር ያህል ነው። ይህም አንዲት የቡና ስኒ የምትይዘውን ያህል ነው። ከዚያ ብዙ ቢጨመር ሳንባውን ይጎዳል፤ ቢያንስ ደግሞ አይበቃውም። በጭምብል ሲሰጥ አየሩ ወደ ሆድ ገብቶ ሆዱን ሊነፋውም ይችላል። ሕፃን የሚተነፍሰው በሆዱ በኩል ስለሆነ የተነፋ ሆድ ሳንባውን ከታች ይጫነዋል። ይህ ሲሆን ባለሙያው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አየሩን ያስወጣለታል።

ሌላም ጥበብ አለ። ፊኛ የነፋችሁ ሁሉ እንደምታውቁት ፈጽሞ የሟሸሸውን ፊኛ መንፋት ይከብዳል። ጥቂት አየር የቀረበት ግን በቀላሉ ይነፋል። በሕፃን ሳንባ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶችም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ማብቂያ ላይ ጥቂት ግፊት እንዲቀር ይደረጋል፤ ከረጢቶቹም ሳይሟሽሹ ይቆያሉ።

ቀድሞ ግን ለትልቅ ሰው የተሠራው መሣሪያ ለሕፃናት መከራ ነበር። ክዳኖቹን ለመክፈት ሕፃኑ በትንሽ ደረቱ መታገል ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1937 ፊሊፕ ኤይር የሚባሉ የኒውካስል የማደንዘዣ ሐኪም ከንፈራቸውና ላንቃቸው የተሰነጠቀ ሕፃናት ሲታከሙ የሚጠቀሙበትን አንድ ቀላል ቱቦ አስተዋወቁ። ቅርጹ የእንግሊዝኛውን “ቲ” ፊደል ይመስላል። ክዳን የለውም፤ ሕፃኑ የሚታገለው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ደግሞ የሊቨርፑሉ ሐኪም ጎርደን ጃክሰን ሪስ ጫፉ የተከፈተ ከረጢት ጨመሩበት። ባለሙያው ከረጢቱን በእጁ ይዞ የሕፃኑን እያንዳንዱን ትንፋሽ በመዳፉ እየዳሰሰ ይሰጠዋል። ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ አገሮች ያገለግላል።

ጣት ላይ ያለችው ቀይ መብራት

ልጃችሁ ከኦፕራሲዮን ሲወጣ ጣቱ ወይም የእግሩ ጣት ላይ ቀይ ብርሃን ያላት መቆንጠጫ ታያላችሁ። ፐልስ ኦክሲሜትር ትባላለች። ደም ሳይቀዳ፣ በብርሃን ብቻ፣ በደሙ ውስጥ ያለውን ኦክስጂን ከመቶ ትቆጥራለች። መሠረቷን እ.ኤ.አ. በ1974 ለዓለም ያሳወቁት ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ናቸው። ከእርሳቸው በፊት ባለሙያው የሚተማመነው የልጁን ከንፈርና ጥፍር ቀለም በማየት ነበር። ዓይን ደግሞ ዘግይቶ ነው የሚያየው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው የቀዶ ሕክምና የደኅንነት መጠይቅ ላይ፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ይህች መሣሪያ ሕመምተኛው ላይ መሆኗና መሥራቷ እንዲረጋገጥ ያዝዛል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው ላይፍቦክስ የተባለ ድርጅት ደግሞ መሣሪያዋን አቅም ላነሳቸው ሆስፒታሎች ያደርሳል፤ በአገራችንም ይሠራል።

ቁጥሯን ስታዩ ግን ቶሎ አትደንግጡ። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ ላይ የጤነኛ ሰው ቁጥር በባሕር ጠረፍ ካለው ትንሽ ዝቅ ይላል። አንድ ነገር ግን አስቡ። ለክብረ በዓል ብላችሁ የሴት ልጃችሁን ጥፍር ቀለም ቀብታችሁ ከሆነ ቀድማችሁ አስለቅቁ። ብርሃኑ የሚያልፈው በዚያ ነው፤ ቀለሙ ቁጥሩን ሊያሳስት ይችላል።

ከአምስት ሳምንት በኋላ

ልጃችን ጉንፋኑ ለቀቀው። ሳሉም ጠፋ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመለስን፤ ያችው ባለሙያ ነበረች። በዚህ ጊዜ ጥያቄዋን ሁሉ በእውነት መለስኩ።

በውጭ ተቀምጠን የጠበቅነው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ነው። ለእኔ ግን ቀኑ ሙሉ መሰለኝ። ከዚያ ባለሙያዋ ራሷ ጭምብሏን አውርዳ ወጣች። “ደኅና ነው፤ ነቅቷል” አለች በመጀመሪያ። ቀጥላም “ልንገራችሁ። ቱቦውን ሳወጣ ጉሮሮው ድንገት ተዘጋ። ኦክስጂኑ ወደ 82 ወርዶ ነበር። በጭምብል ኦክስጂን በግፊት ሰጠሁት፤ ተከፈተለት። አሁን 95 ነው” አለችን።

ይህ ነገር ላሪንጎስፓዝም ይባላል። የድምፅ አውታሮች ምራቅ ወይም ደም ሲነካቸው ሳንባን ለመጠበቅ ብለው በር እንደሚዘጋ ግጥም ብለው ይዘጋሉ። ልጁ በሙሉ ነቅቶ ቢሆን ቶሎ ይከፈታሉ። በመተኛትና በመንቃት መካከል ሲሆን ግን ተዘግተው ሊቆዩ ይችላሉ። ከትልልቅ ሰዎች ይልቅ በልጆች ላይ ይበዛል። ጉንፋን በያዘው ወይም ገና በለቀቀው ልጅ ላይ ደግሞ አደጋው ይበልጥ ይጨምራል፤ የተቆጣ ጉሮሮ በትንሽ ነገር ይደነግጣልና። ባለሙያው ምልክቱን ቶሎ ካየ በጭምብል ግፊት፣ ካልሆነም በመድኃኒት ይከፍተዋል።

“ያን ቀን፣ ትኩሳትና ሳል እያለው ብሠራው ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ላይከፈትልኝ ይችል ነበር” አለች። ከዚያም “እውነቱን ስለነገራችሁኝ አመሰግናችኋለሁ” ብላ ተመለሰች።

“ስለነገራችሁኝ” ነው ያለችው። እኔንም ጨምራ።

ለምን ዋሸሁ?

ወረፋው እንዳያልፈን ፈርቼ ነበር። ግን ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በዋዜማው በጸሎት ኅብረታችን ልጁ ሲያስለው የሰማች አንዲት የተወደደች እኅት “ታሟል ብለሽ በአፍሽ አታውጂ፤ በእምነት ይዘሽው ሂጂ” ብላኝ ነበር። ፍቅሯን አልጠራጠርም። እኔ ግን ቃሏን ተሸክሜ ሄጄ ለባለሙያዋ ሐሰት ተናገርኩ፤ እምነትም መሰለኝ።

ወገኖቼ፣ ለሚረዳን ሰው እውነቱን መናገር አለማመን አይደለም። ለልጃችን የጸለይነው ጸሎት በዚያች ጥያቄ በኩል መልስ እያገኘ ቢሆንስ? ባለሙያዋ “ጉንፋን ይዞታል?” ብላ የምትጠይቀው እምነታችንን ለመፈተን አይደለም። የየትኛው ልጅ ጉሮሮ ሊዘጋ እንደሚችል አስቀድማ ለማወቅ ነው። ጸሎትና እውነት አይጣሉም።

የእናንተ ድርሻ

ትንፋሹን የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። ነገር ግን እናንተ ብቻ የምታውቁት፣ እናንተ ብቻ የምታደርጉት አለ።

*ጾሙን በሰዓቱ ጠብቁ።* በተኛ ልጅ ሆድ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላል። የተለመደው ትእዛዝ እንዲህ ነው፦ ምግብ፣ የላም ወተትና የቆርቆሮ ወተት ከ6 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ የእናት ጡት ከ4 ሰዓት በፊት፤ ንጹሕ ውኃ ከ2 ሰዓት በፊት። ዛሬ ውኃን እስከ 1 ሰዓት ድረስ የሚፈቅዱም አሉ፤ እናንተ ግን የሆስፒታላችሁን ትእዛዝ ተከተሉ። አጥሚት ምግብ ነው፤ “የሚጠጣ ነው” ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ልጁ ስላለቀሰ አያት በስርቆት ዳቦ ብታጎርሰው ተደብቆ አይቅር፤ ተናገሩ። በአንጻሩም ትእዛዙ ከሚለው በላይ ልጁን አታስርቡት፤ ረኃብና ጥም ለእርሱም ጉዳት ነው። ተራው ከዘገየ ውኃ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠይቁ።

*ሰዓቱን አረጋግጡ።* ወረቀቱ ላይ “ከ12 ሰዓት በኋላ ምንም አይቅመስ” የሚል ቢጻፍ የትኛው 12 ሰዓት ነው? በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ነው፤ በእኛ ግን ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊመስላችሁ ይችላል። በመካከሉ የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። “በእኛ ስንት ሰዓት ነው?” ብላችሁ ጠይቁ።

*ሳል፣ ትኩሳት፣ ወፍራም ንፍጥ ወይም ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ ካለ ተናገሩ።* ቀጭን ንፍጥ ሁሉ ኦፕራሲዮን አያስቀርም፤ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ከተላለፈም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ነው። አስቸኳይ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጉንፋን እያለም ይሠራል፤ ባለሙያው ግን አውቆ ተዘጋጅቶ ይገባል።

*የቤታችሁን ታሪክ ንገሩ።* ልጁ ያለጊዜው የተወለደ ነው? ሲተኛ ያንኮራፋል፣ ትንፋሹስ ቆም ይላል? አስም አለበት? የሚነቃነቅ ጥርስ አለው? የሚወስደው መድኃኒት ወይም የማይስማማው ነገር አለ? ከዘመድ መካከል በማደንዘዣ ጊዜ ክፉ ነገር የገጠመው ሰው አለ? በቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ይህም ይነገር፤ ጭሱ የልጁን ሳንባ ያስቆጣል።

*ሲነቃ ዝግጁ ሁኑ።* አንዳንድ ልጆች ሲነቁ እናታቸውን እንኳ እንደማያውቁ ሆነው ይጮኻሉ፤ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልፋል። ድምፁ ቢጎረንን፣ ጉሮሮው ቢያመው ከቱቦው የተነሣ ነው። ነገር ግን ሲተነፍስ የጎድን አጥንቱ መሐል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሲስብ ድምፅ ካሰማ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ቤት ከገባችሁም በኋላ ቢሆን ሳትውሉ ሳታድሩ መልሱት።

ለባልና ለሚስት

በዚያ የተላለፈ ቀን ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ባለቤቴ “ያልኩት በአንቺ ላይ አይደለም፤ ለእርሱ ብዬ ነው” አለኝ። እኔም ተቆጣሁ፤ አለቀስኩም። ከዚያ እርሱ ያልጠበቅሁትን ተናገረ። “እኔም ዝም ልል ነበር። ገንዘቡን አሰብኩ፤ ደግሞ ፈቃድ መጠየቄን አሰብኩ። አንቺ ስትመልሺ ነው የደነገጥኩት” አለ። ያን ቀን የዋሸሁት እኔ ብሆንም የፈራነው ግን ሁለታችንም ነበርን።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፣ በዋዜማው ማታ ተነጋገሩ። ልጁ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደማይበላ፣ ያለበትንም ምልክት በወረቀት ላይ ጻፉና አብራችሁ ያዙ። አባት “ይህ የእናት ጉዳይ ነው” ብሎ ፊርማውን ብቻ ሰጥቶ አይሂድ። ከሁለታችሁ አንዱ በድካም ወይም በፍርሃት እውነቱን ቢሰውር ሌላው በፍቅር ይናገር፤ የተነገረበትም ቂም አይያዝ። ቀጠሮ ቢተላለፍ ሌላ ቀን ይገኛል፤ ገንዘብም ቢከስር ይተካል።

ልጃችን ዛሬ የ13 ዓመት ጎረምሳ ነው። ሲተኛ ያንኮራፋል፤ ወንድሙ ይቆጣዋል። እኔ ግን አንዳንድ ሌሊት በበሩ በኩል ሳልፍ ቆሜ አዳምጠዋለሁ። ያችን ከረጢት በመዳፏ ይዛ የቆየችውን ሴት ስሟን በዚያ ቀን ጠይቄያታለሁ፤ እስከ ዛሬም በጸሎቴ አነሣታለሁ። እናንተም ልጃችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ከራስጌው የሚቀመጠውን ሰው ስሙን ጠይቁ፤ የሚጠይቃችሁንም በእውነት መልሱለት።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።